«ልዩነቱስ?» ይሉ የነበሩት የመምህር አርአያ ሐድጉ የሕይወት ታሪክ

መምህር አርአያ ሐድጉ ከአባታቸው ከአቶ ሐድጉ ወልዱና ከእናታቸው ከወ/ሮ ለምለም ገብሩ በ1937 ዓ.ም. በዋጃ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከደቡብ ትግራይ ወርደው ጨውና ጨርቅ የሚነግዱ ሰው ስለነበሩ፣ መምህር አርአያ ትግርኛውንም አማርኛውንም ከገበያ ለቅመው አደጉ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በቆቦ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በወልድያ ተከታትለው በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ በ1960 ዓ.ም. ወደ ቆቦ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሲያስተምሩ የኖሩት እንግሊዝኛ ነው።

መምህር አርአያ አንድ ቃል የነገራቸውን ተማሪ የቃሉን ፍቺ ብቻ ጠይቀው አይተዉትም ነበር። «ሉክ ማለት ማየት ነው» ያለ ተማሪ ከ«ሲ» እና ከ«ዋች» ሳይለየው አይቀመጥም። «ልዩነቱስ?» ይሉታል። «ማማ ላይ የወጣ ገበሬ ማሽላውን እንዳይበላበት ወፉን ዋች ያደርጋል። ወደ ደመናው ሉክ ያደርጋል። ዝናቡን ግን ሲ ካደረገ ከረመ!» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ተማሪዎቹም መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው «ጋሼ ልዩነቱስ መጡ!» እየተባባሉ ይሸሹ ነበር። እርሳቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ።

በ1964 ዓ.ም. ከአስረሳሽ ጋሹ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው መብራትንና ፈንታውን ወለዱ። አስረሳሽ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰች፣ ግን ክፉ ክፉውን ማሰብ የማይተዋት ሴት ናት። ባለቤቷ ለስብሰባ እዚሁ ቅርብ ጎብዬ ደርሰው እስኪመለሱ ድረስ በሐሳቧ አውቶቡሱን ስትገለብጠው ታመሻለች። «አንቺ እንዳሰብሽውማ ቢሆን ከተቀበርኩ ስንት ዘመኔ!» እያሉ ይስቁባት ነበር።

የ1976 ክረምት ሳይዘንብ አለፈ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የቆላው ሕዝብ ወደ መኪናው መንገድ ወጣ። ከከተማው ዳር የእርዳታ ጣቢያ ሲቋቋም እንግሊዝኛ የሚያውቅ ተፈለገና መምህር አርአያ በበሩ ላይ ከውጭ አገሯ ነርስ ጎን ቆሙ። ምግቡ ለሁሉ አይበቃም፤ የሕፃናት መመዘኛው ገና አልመጣም። ነርሷ የአስተርጓሚውን ቃል ይዛ ከፊሉን ልጅ ታስገባለች፣ ከፊሉን ለነገ ታቆያለች።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አሚና የምትባል እናት ልጇን ታቅፋ ቀረበች። እንዴት ነው ሲሏት፣ «አልሐምዱሊላህ፤ ትንሽ ደክሞት ነው እንጂ ደኅና ነው፣ ጋሼ» አለች። መምህር አርአያም «ታየርድ» ብለው አስተላለፉ። ልጁ ለነገ ተባለ። በሕይወት አላደረም።

የአገራችን እናት በልጇ ላይ ክፉ ቃል አታወጣም፤ ሟርት ይሆንብኛል ብላ ትፈራለች። መምህር አርአያም ይህን ያውቁ ነበር፤ የገዛ እናታቸውም እንዲሁ ናቸው። በዚያ ምሽት እህል አልቀመሱም። «የተናገረችውን ተረጎምኩ እንጂ ልጁን መች አየሁት?» አሉ። አስረሳሽም፣ «እንዴት ነው አትበላቸው። ያለቅሳል ወይ በላቸው» አለቻቸው።

ከማግስቱ ጀምሮ ጥያቄያቸው ተለወጠ። «ዛሬ አልቅሷል? ጡት ይስባል? ያጎረስሽውን ይውጣል?» የሚያለቅሰውን ልጅ «ሃንግሪ»፣ የራበው፣ አሉት። ማልቀስ የተወውን «ስታርቪንግ»፣ ረሃብ ሊገድለው የደረሰ። ዝም ያለው ነው የሚቀድመው እያሉ ሊያግዟቸው ለመጡት የቀድሞ ተማሪዎቻቸውም አስተማሩ። በዚያ በር ብዙ ዝም ያሉ ልጆች ገቡ።

ኅዳር ሲገባ ግን የሚያለቅስ ጠፋ። ሁሉም ዝም አሉ፤ ሁለቱ ቃላት ልጅን ከልጅ መለየት ተሳናቸው። መምህር አርአያ ከዝምታ ዝምታ መለየት ነበረባቸው፤ ለዚያ የሚሆን ቃል በእንግሊዝኛም አላገኙም። ስለዚህ ከወረፋው ገብተው፣ ጎንበስ እያሉ፣ ጆሯቸውን በየሕፃኑ ደረት ላይ እያኖሩ የልብ ትርታው የደከመውን አስቀደሙ። አስረሳሽ «ቅማሉ በሽታ ያመጣብሃል፤ ልጆች አሉህ» ብላ ለመነች። «እነርሱም ልጆች ናቸው» አሉ፤ ሄዱ።

በጥር ወር መጨረሻ ትኩሳት ጀመራቸው። ተስቦ መሆኑ ታወቀ። መድኃኒት ከደሴ ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ፣ የካቲት 9 ቀን 1977 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። የቀብራቸው ሥርዓት ዛሬ ወዳጅ ዘመድ በተሰበሰበበት ይፈጸማል።

መምህር አርአያ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጃቸውንና የሰባት ዓመት ወንድ ልጃቸውን ትተው አልፈዋል። ለእነዚህ ከዛሬ ወዲያ ምን እንደሚጠብቃቸው አስረሳሽ ስታስበው በጎ ነገር አይታያትም። በጣቢያው ከቀሩት አስተርጓሚዎችም የታመሙ አሉ፤ ነገ ጠዋት በሩ ሲከፈት የሚቆም ሰው መኖሩ አይታወቅም። እናቶቹ ግን ይመጣሉ። ደኅና ነው ይላሉ።

ስለዚህ ቤተሰቡ አንድ ነገር ይለምናል። መምህር አርአያ እንግሊዝኛ ያስተማራችሁ ሁሉ፣ ለቅሶ አትቀመጡልን። ድንኳኑ ባዶውን ይዋል። ወደ በሩ ሂዱ፤ ጎንበስ ብላችሁ ስሙ። ስትመለሱም ልብሳችሁን በፈላ ውኃ ቀቅሉት፤ እናንተም እናት አላችሁ።

እግዚአብሔር የመምህር አርአያን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ፈጥኖ ይድረስልን። አሜን።