እንባ የማይዘው ነጠላ

ሐዋሳ፣ ሚያዝያ 2006 ዓ.ም.

ልጄ ሄራን፣

ጤናሽ ይብዛ፣ ያሰብሽው ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ጡረታ ወጥቶ አጥር ያድሳል።

ልትነግጂበት አስበሽ፣ በናኖ ቴክኖሎጂ ውኃ እንዳይዝ አሠርተሽ ከኮሪያ የላክሽውን ነጠላ ሞከርኩት። ወጥ ብደፋበት ተንከባሎ ወረደ። ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጠው ግዛቸው አይቶ፣ «ፋብሪካውን እዚሁ ትክፈት፤ እኔ ሸሪክ እሆናለሁ» አለ።

ቅዳሜ ግን ጎረቤታችን አባይነሽ ባሏ ሞቶባት፣ ነጠላውን አዘቅዝቄ ለብሼ ለቅሶ ደረስኩ። እንባዬን ብጠርግበት አልመጠጠልኝም። አባይነሽ አይታ በራሷ ነጠላ ጫፍ ጠረገችልኝ። ሐዘንተኛዋም አጽናኟም እሷ ሆነች።

ግዛቸውን፣ «በዚህ ጨርቅ የተማሪ ዩኒፎርም ብትሠሩ ይሻላል» ብዬዋለሁ። ነጠላውን ግን ተዪው።

እግዚአብሔር በሄድሽበት ይቅደምልሽ። ስትመጪ የምትለብሺው ተራ የጥጥ ነጠላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ፤ አንድ ቀን ለእኔም ያስፈልግሻል።

እናትሽ ሸዋዬ