የጭስ ማውጫውን ወደ መስኮታችን ስላዞሩልን

ይድረስ ለተከበሩ የአየር ጥራት ተመራማሪዎችና የውሳኔ ሰጪዎች አገናኝ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ሳንባዎስ? እኔ ከአጥርዎ ጀርባ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የቢሮዎ መስኮት ድርብ መስታወት እንዳለውና ተከፍቶም እንደማያውቅ በየቀኑ ስለማይ፣ ደኅና እንደሆኑ አልጠራጠርም። የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው፤ ውለታዎ ስለበዛ ግን በቁጥር ለመከፋፈል ተገድጃለሁ።

1ኛ. ስለ ተመራማሪዋ። ይህች ወጣት መምህርት ክረምቱን ሙሉ ጣሪያችን ላይ መለኪያዋን ሰቅላ፣ የሰፈራችን እጅግ መጥፎ አየር ያለው አስም ባለባት ልጄ መስኮት ላይ እንደሆነ፣ የዚህም መንስኤ የጽሕፈት ቤትዎ ጄኔሬተር መሆኑን አረጋገጠች። እርስዎም በጉባኤዎ ከውሳኔ ሰጪዎች ጋር ሊያገናኟት ጠሯት፤ የፊት ወንበር ሰጧት፤ ተራዋ ሲደርስ ግን ውሳኔ ሰጪዎቹ ምሳ ሄደው ስለነበር ጥናቷን ወንበር ለሚሰበስቡት ሠራተኞች አቀረበች። በጥሞና አዳመጧት አሉ። ከእነርሱ ጋር እንኳ ስላገናኙልን እግዜር ይስጥልን።

2ኛ. ስለ ውሳኔው። ጉባኤዎ ያለ ውሳኔ ይበተናል የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ ሐሰት ነው። በስብሰባው መካከል መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ሲነሣ ጭሱ አዳራሹ ገብቶ አንድ ክቡር እንግዳ አስነጠሱ። የእኔ ማመልከቻ ስንት ዓመት «ይታያል» ሲባል ኖሮ፣ እሳቸው ባስነጠሱ ማግስት ብረት በያጅ መጣና የጭስ ማውጫውን አስረዝሞ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ወደ እኛ መስኮት አዞረው። የልጄ አልጋ ከዚያ መስኮት ሥር ነው፤ ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ የምናዛውርበት የለንም። ለካ የጎደለን ማስረጃ ሳይሆን ማዕረግ ያለው አፍንጫ ኖሯል!

3ኛ. ስለ መስተንግዶው። አቤት ልል ስመጣ ጸሐፊዎ በፍጹም ትሕትና አቤቱታ በጥናት መደገፍ እንዳለበት ነገረችኝ። ጥናቱ እናንተው ዘንድ ነው ብላት፣ የሚመለከታቸው ባለሙያዎች ስለ ንጹሕ አየር ሊሠለጥኑ ውጭ አገር መሄዳቸውን አበሠረችኝ። የበሩ ጥበቃ ብቻ አንገቱን ደፍቶ፣ ባይሆን መስኮቱን በላስቲክ እንድሸፍነው መከረኝ። ሸፈንኩት። ጽሕፈት ቤትዎ ከተቋቋመ ወዲህ ያገኘሁት ምክር ይኸው ስለሆነ፣ እባክዎ ሰውየውን በእርስዎ ቦታ ይሹሙት።

ክቡር ሆይ፣ ጨዋነቴ እዚህ ላይ ትንሽ አለቀብኝ። ልጄ ወሬ የማትጠግብ ለፍላፊ ነበረች። አሁን አንድ ነገር ልትነግረኝ ስትል መጀመሪያ ትንፋሿን ታጠራቅማለች፤ ከዚያ ትተወዋለች። እጠላዎታለሁ፤ ይህንንም በታላቅ አክብሮት ነው የምገልጸው።

መስታወትዎ እንዳይሰነጠቅ፣ የክቡራን እንግዶችዎም አፍንጫ ዳግም እንዳይደፈር እየተመኘሁ፣ ከጭሱ ማዶ ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤትዎ

ጭማሪ፦ ልጄ በመጪው ጉባኤ «የንጹሕ አየር ተጠቃሚ ሕፃናትን» ወክላ ለእንግዶች አበባ እንድታበረክት የላኩት ጥሪ ደርሶናል። ይቅርታ ያድርጉልን፣ አትመጣም፤ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ሆስፒታል ተኝታለች። ነገር ግን እንግዶችዎ ንጹሕ አየር የምትተነፍስ የሰፈራችንን ልጅ ማየት ከፈለጉ፣ ሕፃናት ክፍል፣ ኦክስጅኑ አጠገብ ያገኟታል።