ለጣሪያችን የተሸጠው ኮምፕሌቶ

ልጄ ሬናቶ፣ የካርመን ድንግል ማርያም በሄድክበት ሁሉ ጥላ ትሁንህ፤ የስዊድን ብርድ አጥንትህ ድረስ አይግባ። ካልሲህን ትደርባለህ?

እኔ ደህና ነኝ፣ ድካሙ ነው እንጂ። የአባትህ ጉልበትም እንደነበረው ነው። ሳልነግርህ የቆየሁት ነገር አለ፤ አትደንግጥ። ባለፈው ወር ከኮረብታው አናት የተነሳው እሳት ማድቤታችንንና ጣሪያውን በላው። ሰው አልተጎዳም።

ቅዳሜ ታዲያ የሰፈሩ ሰው ጣሪያችንን ሊያሠራልን ቋሊማ በዳቦ እየሞላ ኮምፕሌቶ ሲሸጥ ዋለ። ለታመመም ለሞተበትም እንዲህ ሲሸጥ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አቮካዶውን በሹካ የምደፈጥጠው እኔ እንደነበርኩ ታውቃለህ። ቅዳሜ ግን እንደ እንግዳ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። እንዴት እንዳፈርኩ! ቁጭ ማለቱ አላስችል ብሎኝ ተነስቼ ሹካ ሳነሳ፣ በአጥሩ ነገር ስድስት ዓመት ያኮረፈችኝ ጎረቤታችን ኤልሲራ ከእጄ ነጠቀችኝ።

"ቁጭ በይ፣ አንቺ ግትር! ዛሬ ያንቺ ሥራ መብላት ነው።"

"አቮካዶው ጨው ያንሰዋል" አልኳት።

"ወይ አንቺ! እሳት እንኳ አላለሰለሰሽም!" ብላ ሳቀች፤ ጨውም ጨመረች። ከዚያ ቋሊማው ዳቦው ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ ቲማቲም፣ አቮካዶና ማዮኔዝ ቆልላ ሰጠችኝ። ከእሳቱ ወዲህ ጠግቤ የበላሁት ያን ቀን ነው።

ጣሪያው እየተሠራ ነው፤ ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ። ይልቅስ ለኤልሲራ ሁለት መስመር ጻፍላት። እኔ ላመሰግናት ሁለቴ በሯ ድረስ ሄጄ፣ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመለስኩ።

እንጀራህን ጌታ ይባርክልህ፣ ደግ ጎረቤትም አያሳጣህ።

እናትህ ሆቪታ