የዌልሽኛዋን ስልክ ስለዘጉልኝ አመሰግናለሁ

ለክቡር የባሕር ማዶ ሠራተኞች የጡረታ መዋጮ አገልግሎት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ታላቅ ሐዘንን ስለማሳወቅና ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም “ጥሪዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው” እያለች ሳትደክም ለምትናገረው የስልክ ማሽንዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ በምዕራብ አውስትራሊያ ከበጎች፣ ከዝንቦችና ቁጭ በል ሲባል ከሚተኛ አንድ ውሻ ጋር በደህና እገኛለሁ።

ቀጥዬ የማሳውቅዎ ከባድ መርዶ ስላለ፣ ቆመው እንደሆነ ይቀመጡ። ከአገር ውጭ እየሠሩ በፈቃዳቸው የጡረታ መዋጮ ለሚከፍሉ ዜጎች በእናት ቋንቋዬ በዌልሽኛ መልስ ትሰጥ የነበረችው የስልክ መስመር ባለፈው ሚያዝያ ከዚህ ዓለም ተለይታለች። አልታመመችም፤ እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ገና በሁለተኛው ጥሪ ትነሣ ነበር። ቀብሯ “አገልግሎታችንን ስለማሻሻል” በሚል ርእስ በእርስዎ ፊርማ በወጣ የአራት መስመር ማስታወቂያ ተፈጽሟል፤ ከሟች ቤተሰብ ግን የተጠራ አልነበረም። የሟች ቤተሰብ እኔ ነኝ።

በቁጥር እንጂ በስም ስለማያውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። ዴያን እባላለሁ። በእኛ በዌልስ ገጠር ሰው በእርሻው ስም ስለሚጠራ፣ የሀፎድ ላሱ ዴያን ብለው ቢጠይቁ ሁሉም ያውቀኛል፤ ግማሹም ይረግመኛል። ትምህርቴን በአሥራ ስድስት ዓመቴ ስተው መምህሮቼ ሻይ ጠጥተው እንደተደሰቱ ሰምቻለሁ። እርሻው ለታላቅ ወንድሜ ስለሚሆን፣ እንደ አገሬ ጎረምሶች ሁሉ የበግ መሸለቻዬን በሻንጣ አድርጌ እዚህ መጣሁ። ከሸላቾቹ ጋር ሁለት ወር እንደሠራሁ አንድ ወፍራም በግ ወገቤ ላይ ወደቀ፤ ጓደኞቼ ወደሚቀጥለው በረት ሲሄዱ እኔ የውሃ ገንዳ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። ሥራዬ ከገንዳ ገንዳ እየነዳሁ ውሃ መኖሩን ማየት ነው። ውሃው አለ። ሰው ነው የሌለው፤ የእርባታው ባለቤት በሳምንት አንዴ ምግብ ጥሎልኝ ይሄዳል።

ሃያ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ስለ ጡረታ የሚጨነቅ ጎረምሳ ያስቅዎ ይሆናል፤ እኔንም አስቆኛል። ጥፋቱ የአጎቴ የኤምሊን ነው። አጎቴ በጉልምስናው ኒውዚላንድ ሲሸልት መዋጮውን ስላልከፈለ፣ ዛሬ ሰባን አልፎም ጡረታው አልበቃው ብሎ የጎረቤት በግ ለመሸለት ጎንበስ ይላል፤ ጎንበስ ማለቱስ አልቸገረውም፣ ቀና የሚያደርገው ሰው ነው የሚጠፋው። ልሰናበተው ስሄድ “አንተ ቀበጥ፣ ሁሉን ብትረሳ ጡረታህን እንዳትረሳ፤ እየኝ እስቲ!” አለኝ። አየሁት። እዚህ ስደርስ ለመክፈል ደወልኩ።

መቼም የእንግሊዝኛው መስመር ወረፋ ጢም እንደሚያበቅል፣ በዌልሽኛው ግን ማንም ስለማይደውል ወዲያው እንደሚነሣ በእኛ አገር ልጅ አዋቂው ያውቃል። እኔም ብልጥ ሆኜ በዌልሽኛው ደወልኩ። የመስመሩ ብቸኛ ሠራተኛ ወይዘሮ ኤርሊስ አነሡ። ስሜንና አድራሻዬን ገና ከመናገሬ፦

“ሀፎድ ላስ? የትኛው ሀፎድ ላስ? ከጸሎት ቤቱ በላይ ያለው ነው ከወንዙ ማዶ?”

“ከጸሎት ቤቱ በላይ።”

“እንዴ! የኔሪስ ልጅ ነሃ! ከእናትህ ጋር አንድ መዘምራን ውስጥ ነበርን እኮ፤ ሁሌ ከጎኔ ነበር የምትቆመው። ቆይ፣ ቀብሯ ላይ ነጭ ካልሲ አድርገህ የመጣኸው አንተ ነህ?”

“ጥቁሩን ውሻው በልቶብኝ ነው፣ እትዬ።”

“ውሻው ነው አሉ! በል ቁጥርህን ንገረኝ፣ ቅሌታም።”

ክቡር ሆይ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ቅሌታም ያለኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ እኔ ሥራ ስጨርስ እናንተ ቢሮ ስትከፍቱ፣ እደውል ጀመር። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ማስታወቂያዎ መስመሩ የተዘጋው “አንድ ደንበኛ ብቻ ሲያገለግል በመገኘቱ ነው” ይላል። ያ አንድ ደንበኛ እኔ ስለሆንኩ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት ጽሑፍ ላይ ያለ ክስ በመጠቀሴ የተሰማኝን ኩራት በትሕትና እገልጻለሁ። በእንግሊዝኛው በኩል ሺህ ሰው እየደወለ አንዱም አለማግኘቱ ቅልጥፍና ሲባል፣ በእኛ በኩል አንዱ ደውሎ አንዱ ማግኘቱ ብክነት መባሉን ግን በአሥረኛ ክፍል ሒሳቤ ልደርስበት አልቻልኩም።

ሁለተኛ፤ በዚያው ማስታወቂያ ጥያቄዎቼ “ከመዋጮ ጋር ግንኙነት የሌላቸው” ተብለው መመዝገባቸው ነው። በጣም አዝኛለሁ። አውራ በግ ወግቶ ቢገድለኝ የከፈልኩት ለበጉ ይተላለፋል ወይ ብዬ መጠየቄ የመዋጮ ጥያቄ ካልሆነ የምን ሊሆን ነው? ውሻዬ ከእኔ የበለጠ ስለሚሠራ እሱም ይክፈል ወይ ማለቴስ? እትዬ ኤርሊስ እያንዳንዱን ከመመሪያው ጋር እያስተያዩ፣ “አንቀጹ ስለ አውራ በግ ዝም ይላል፤ ዝም ካለ ደግሞ አይከለከልም፤ አንተ ብቻ ከኋላው አትቁም” እያሉ በሥርዓት ይመልሱልኝ ነበር። ከዚያ የአጥቢያችንን ጋዜጣ ከመሳቢያቸው አውጥተው ማን እንዳገባ፣ ማን እንዳረፈ፣ የማን ውሻ በእረኛ ውሾች ውድድር ላይ ዳኛውን እንደነከሰ ያነቡልኛል። እዚህ አርባ ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ተቀምጬ “ሹራብ ለብሰሃል?” ይሉኛል። “ለብሻለሁ” እላለሁ። ለራሴ ካናቴራም የለኝ።

ለምን ወደ ቤቱ አይደውልም ይሉ ይሆናል። እደውላለሁ። አባቴ ስልክ ሲያነሣ “አለህ? እሺ። እዚህ ዝናብ ነው። በል፣ ይቆጥርብሃል” ብሎ ይዘጋዋል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እናቴ በነበረች ጊዜ ስልክ የእሷ ሥራ ነበረች። ወንድሜም ሚስት ካገባ ወዲህ በመልእክት የሚልክልኝ የአውራ ጣት ሥዕል ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ይህ ምስጋናዬ ትንሽ ስለሚረዝም ይታገሡኝ። መስመሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ሳልከፍል ያመለጠኝን የአንድ ዓመት መዋጮ መክፈል እችል እንደሆነ ለመጠየቅ በእንግሊዝኛው ደወልኩ። ይህ ግንኙነት ያለው ጥያቄ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። የማሽንዎን ሙዚቃ እየሰማሁ አንድ ገንዳ አጥቤ፣ ሁለተኛው ጋ ነድቼ፣ እሱንም አጥቤ፣ ውሻውን ቁጭ በል ብዬ እስኪተኛ ጠበቅሁ። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሡና “እንደምን ዋሉ፣ ምን ልርዳዎት?” አሉ በእንግሊዝኛ። “እንደምን”ን ሳይጨርሱ አወቅኋቸው።

“እትዬ ኤርሊስ! እኔ ነኝ!” አልኩ በቋንቋችን። ጮኼ መሆን አለበት፤ ውሻው ተነሣ።

እሳቸው ግን በእንግሊዝኛ ቀጠሉ። ከዚያ፣ “ይህ ጥሪ ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ይቀዳል። በዚህ መስመር የምናስተናግደው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ ጌታዬ” አሉኝ።

ጌታዬ! ውሻዬ እንኳ ጌታዬ ብሎኝ አያውቅም።

“ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ።” ነገርኳቸው። “የተወለዱበት ቀን?” ነገርኳቸው። “ማንነትዎን ለማረጋገጥ ያህል፣ እናትዎ ከማግባታቸው በፊት የነበራቸው የቤተሰብ ስም?”

ያንን ስም እትዬ ኤርሊስ ከእኔ በፊት ያውቁታል። ስነግራቸው ግን መመሪያው ስለሚያዝ መሰለኝ፣ “እባክዎ ፊደል በፊደል” አሉ። የእናቴን ስም አብራቸው ለዘመረች ሴት ፊደል በፊደል ነገርኳቸው። እሳቸውም ፊደል በፊደል ደገሙልኝ። እናቴ ከተቀበረች ወዲህ ስሟ እንዲህ ቀስ ተብሎ የተጠራው ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ስለዚህም ጭምር አመሰግናለሁ።

ያመለጠኝን ዓመት መክፈል እችላለሁ ተባልኩ። አላስቻለኝም፤ በእንግሊዝኛ “ውሻዬም መዋጮ መክፈል ይፈልጋል፣ ይፈቀድለታል?” አልኩ።

“ውሻ አይመዘገብም፣ ጌታዬ።” ድምፃቸው መጨረሻው ላይ ተሰበረ። ሳቅ ይሁን ሌላ አልገባኝም፤ ጥሪው ተቀድቷልና ሠራተኞችዎ ደግመው አዳምጠው ቢነግሩኝ ውለታዎን አልረሳም።

“ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖር ይሆን?”

ነበረኝ፣ ክቡር ሆይ። አውስትራሊያን የሚያህል ነገር ነበረኝ። ግን ሁሉም በዌልሽኛ ነው። “የለም፣ አመሰግናለሁ” አልኩና ተዘጋ።

አራተኛ፤ ወዲያው ሠራተኛዋን ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ እንድሰጥ የጠየቀኝ መልእክትዎ ደረሰኝ። አምስት ሰጠሁ። “አስተያየት ካለዎት” በሚለው ቦታ በዌልሽኛ ብጽፍ “የማይታወቅ ፊደል” ብሎ መለሰልኝ። ፊደሉ እንኳ ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ነው፤ አደራደሩ ነው ያላማረው።

መዋጮዬን አቆማለሁ ብዬ ላስፈራራዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን በፈቃድ የሚከፈልን ነገር አልከፍልም ብሎ ማስፈራራት ዝናብን ጃንጥላ አልይዝልህም እንደማለት ስለሆነብኝ ትቼዋለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስመሩን ይመልሱ እንኳ አልልም። ከሕጋዊው ጥሪ መጨረሻ ላይ፣ “ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖር ይሆን” ከሚለው በኋላ፣ እትዬ ኤርሊስ በቋንቋችን አንድ ደቂቃ እንዲናገሩ ይፈቀድላቸው። ይቀዳ፤ ግዴለም። አዳማጩ ባይገባው እኛን አይከፋንም።

ደብዳቤዬን ከላይ እስከ ታች መልሼ ሳነበው ግን ትንሽ አፈርኩ። መርዶ ብዬ ጀመርኩ እንጂ ማንም አልሞተም፤ ጡረታዬም አልተነካም፤ ወገቤም እየተሻለው ነው። አንዲት ሴትዮ ስልክ ያነሡ ነበር፣ አሁን በሌላ ስልክ ያነሣሉ፤ አንድ ገንዳ ጠባቂ በሳምንት አንዴ ይስቅ ነበር፣ አሁን አይስቅም። የነገሩ ትልቅነት ይኸው ነው፤ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ምሳውን አቋርጦ የሚያስብበት ጉዳይ አይደለም።

ከዙፋንዎ ሥር ከአቧራው ውስጥ አንገቴን ደፍቼ፣ መዋጮዬን በፈቃዴ፣ ትዕግሥቴን በግዴታ እየከፈልኩ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና አጭር ወረፋ እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

የቀድሞው ብቸኛ ደንበኛዎ
ዴያን፣ የሀፎድ ላስ

ግልባጭ፦
ለአጥቢያችን ጋዜጣ፣ እንዲያትመው
ለአውራው በግ፣ ለመረጃ ያህል

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ እንደሚያዩት ከሰላምታው እስከ ፊርማው በዌልሽኛ ተጽፏል። እኔ እስከማውቀው በቢሮዎ ውስጥ ሊያነብልዎ የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ። እንግዲህ እትዬ ኤርሊስን አስጠርተው፣ ወንበር ሰጥተው፣ ጮክ ብለው እንዲያነቡልዎ ያዝዟቸው፤ እዚህ ጋ ሲደርሱ ዝም ካሉ አያጣድፏቸው።