አማቴ፣ እኔና ባለሁለት ወንበሯ

መጋቢት 3

ተራ ቀን። ሁለት ጥርስ ነቀልኩ፣ ሦስት ሞላሁ። አንድ ጢማም ጎልማሳ መርፌውን ሲያይ "እናቴን ጥሩልኝ" አለ። ጠራንለት... ለካ ውጭ ተቀምጠው ይጠብቁት ነበር።

ቤት እንደገባሁ ነጩን ጋዋን አውልቄ ቅባታሙን ቱታ ለበስኩና ወደ ሌላዋ ታካሚዬ ሄድኩ። ወይዘሪት እንደተለመደው አፏን ከፍታ ጠበቀችኝ። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ አፏም ከኋላ ነው። የሠራት ሰው ይጠየቅበት። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፣ ቁመቷ እስከ ወገቤ ነው፣ ወንበሯ ሁለት ብቻ። የድሮ የውድድር መኪና! ስገዛት ዶሮዎች ያድሩባት ነበር። ዛሬ ምድር ቤቱን ሙሉ ይዛ እንደ ባለርስት ተንሰራፍታለች፤ እኛ ሰዎቹ ፎቅ ላይ ተጣበን እንኖራለን።

በሮቿን ከዝገት ሳጸዳ አመሸሁ። ዝገትና የበሰበሰ ጥርስ ወንድማማች ናቸው። ትንሽ ከተውሽለት ሁሉንም ይበላዋል።

ቃለ መሐላዬ እዚህ ይስፈር፦ ከፋብሪካ ስትወጣ ያልነበራት ነገር፣ አንዲት ብሎን እንኳ፣ አይገባባትም። እኔ ቆሜ እያለሁ አይታሰብም!

መጋቢት 9

ካምቢዮውን አወረድኩ! ማርሾቿ የሚኖሩበትን ከባድ ሳጥን! ብቻዬን! በክሪክና በእልህ!

ችግሩ፣ ክፍት የሆነው ወገኑ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቀረ። ክብደቱ የጥጃ ያህል... ማን ያዙረው? ሊቀመንበሩን ጠራሁ። (ባለቤቴ ነው። ስብሰባ ሳይጠራ አምፖል አይቀይርም።) "ወገቤን" አለና ወገቡን ይዞ ወደ ፎቁ ተመለሰ።

ግን ጥርስ ሐኪም ምን ያቅታታል? የሰው ጥርስ ጀርባ ስመለከት አይደል የምውለው? ትንሿን የአፍ መስታወት ከቦርሳዬ አወጣሁ። በሳጥኑና በግድግዳው መካከል አስገባሁና የማየውን ሁሉ በትልቅ ወረቀት ላይ ሳልኩት። ትልቁ ባለጥርስ ቀለበት በየት በኩል እንደተቀመጠ፣ ትንሹ ከየት እንደሚነክሰው... ከዚያ እጄን ሰድጄ ሁሉንም አንድ በአንድ ፈታሁ። ስዕሉን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ሙዚየም ይገባዋል።

የሰፈሩ መካኒክ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ በር ላይ ይቆማል። ስሙን አቶ አይሆንም ብዬዋለሁ።

"ዶክተር፣ ይሄ ነገር አይሆንም።"

"ምኑ?"

"ሁሉም።"

መጋቢት 15

ስብሰባ ተጠራ። ቦታ፦ ሳሎን። ተሰብሳቢዎች፦ ሊቀመንበሩ፣ እኔ፣ አማቴ። አጀንዳ፦ የእማማ ጉልበት።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሐኪማቸው "ደረጃ የሚባል ነገር እርም ይበሉ" ካላቸው ወዲህ እማማ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ዓለምን በመስኮት ነው የሚያዩት። በዚህ ቤት ደረጃ የሌለው ክፍል አንድ ነው። እሱም ተይዟል።

"እናቴ ፎቅ ላይ ታስራ መኪና ምድር ቤት ይንደላቀቅ? ፍትሕ ነው?"

ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ያበሸቀኝ።

"ግቢ ላውጣታ" አልኩ።

"የማትንቀሳቀስ መኪና ግቢዬ ውስጥ አትቆምም። መካነ መቃብር አልከፈትኩም።"

የውሳኔ ሐሳብ፦ ወይዘሪት እስከ ግንቦት መጨረሻ በራሷ ሞተር ከወጣች ግቢው ውስጥ ቦታ ይሰጣታል፤ ካልወጣች ጎታች መኪና መጥቶ ለብረት አቅላጭ ይወስዳታል። ድምፅ ተሰጠ። አንድ ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ፣ እማማ ድምፀ ተአቅቦ። የሊቀመንበሩ ድምፅ እንደ ሁለት ይቆጠራል ተባለ። ማን አለ? ሊቀመንበሩ።

መጋቢት 16

ድምፀ ተአቅቦ? እኚህ ሴትዮ? በመጋረጃ ቀለም እንኳ ጦር የሚያዘምቱ? አንድ የሸረቡት ነገር አለ።

ሚያዝያ 4

ፍሬኗን እየፈታሁ ከደረጃው በኩል ድምፅ ሰማሁ። ሸርተት... ዷ። ሸርተት... ዷ። ዞር ስል እማማ! በመቀመጫቸው፣ ደረጃ በደረጃ፣ እንደ ሕፃን!

"እማማ! ጉልበትዎ!"

"በጉልበቴ መች ወረድኩ? ሐኪሙ ስለ ቂጥ ያለው ነገር የለም።"

"ልጅዎ ቢያይስ?"

"ሥራ ላይ አይደል? ሲመጣ አልጋዬ ላይ ሆኜ እያቃሰትኩ ያገኘኛል።"

በምርኩዛቸው ወይዘሪትን ዞሯት። ሆድ ዕቃቸው የተዘረገፈውን ወንበሮች በሁለት ጣት ቆንጠር አደረጉ። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ዓይን ምሕረት አያውቅም።

"ይሄን የሰፋው ሰው ከወንበር ጋር ቂም ነበረው?"

"ፋብሪካ ነው፣ እማማ። ኦሪጅናል ነው።"

"ኦሪጅናል ሲበሰብስ ኦሪጅናል ብስባሽ ነው። ይልቅ ቆዳ አምጪልኝ፣ አንቺ ጥርስ ነቃይ።"

ተዋዋልን። ወንበሮቹን እሳቸው ይሰፋሉ። ስፌቱ የድሮውን መስመር ይከተላል፤ ይሄ የእኔ ነጥብ። አንደኛው ወንበር የእሳቸው ነው፤ ይሄ የእሳቸው ነጥብ።

"ግን እማማ፣ ክፍሉን አይፈልጉትም?"

"ልጄ ደግ ነው። ታች ሊያወርደኝ ይፈልጋል። ታች ወርጄስ? ግድግዳ ልቀይር? እኔ መሄድ ነው የናፈቀኝ። ዝም ብሎ መሄድ... ቤቶቹ በጎኔ ሲያልፉ ማየት።"

ባላንጣዬ ናቸው ብዬ ነበርኮ። ጅል!

ሚያዝያ 21

ተነሳች!!!

እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ወለወልኩ፣ የካርቡራቶሯን ቀጫጭን ቀዳዳዎች በጥርስ መርፌ ጠረግሁ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ሳለች። እንደገና። ሳለች፣ አስነጠሰች... ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ ዘፈነች! ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። የጎረቤት ውሻ መልስ ሰጠ። እማማ በምርኩዛቸው መሬቱን እየደበደቡ "ጨምሪላት! ጨምሪላት!" እኔ አለቀስኩ መሰለኝ። ወይ ጭሱ ነው።

ሊቀመንበሩ ማታ አፍንጫውን እያሸተተ ገባ። "ምንድነው የሚሸተው?"

"ጉልበቴን የተቀባሁት ቅባት ነው" አሉ እማማ ከአልጋቸው እያቃሰቱ።

ግንቦት 12

ወንበሮቹ አለቁ። ስፌቱ መስመር አይደለም፣ ቅኔ ነው። እማማ ቀና ብለው "አሁን ቂጥ የሚያከብር ወንበር ሆነ" አሉ።

ተፈትቶ የቀለለውን ካምቢዮም ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ፣ ፊት ለፊቴ አድርጌ፣ በስዕሌ መሠረት ገጠምኩት። ስዕሉ ላይ ቀለበቱ በቀኝ ነው፤ በቀኝ አስገባሁት። አቶ አይሆንም በር ላይ ቆሟል።

"ዶክተር፣ አይሆንም።"

"ምኑ ነው የማይሆነው?"

"እንጃ። ብቻ አይሆንም።"

ሁሌ አይሆንም የሚል ሰው እውነቱን የተናገረ ቀን ማን ይሰማዋል?

ግንቦት 27

ሊቀመንበሩ አልጋ ገዝቶ መጣ። ለእናቱ። ራስጌው የተቀረጸ፣ የጉባኤ ወንበር የሚመስል። ከወይዘሪት ኋላ፣ ግድግዳውን አስጠግቶ ዘረጋው። አላስቻለውም፣ ፍራሹን በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ለሰለሰ ወይ እያለ ሲፈትሽ አየሁት። ጥሩ ሰው ነውኮ። እንዲህ ሲሆን መጥላት ያስቸግራል።

ግንቦት 30

ቀነ ገደቡ ደረሰ።

በሩ ወለል ተደርጎ ተከፈተ። የወይዘሪት አፍንጫ ወደ መንገዱ። ውጭ ጎታቹ መኪና ቆሟል፤ ሾፌሩ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ይጠብቃል (የታችኛው መንጋጋ፣ ሁለት የተቦረቦሩ... አላስችል ብሎኝ ነው ያየሁት)። አቶ አይሆንም ደርሷል። እማማ ለይስሙላ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ላይ።

ቁልፉን አዞርኩ። ዘፈነች! ሊቀመንበሩ ሳያስበው ፈገግ አለ። አየሁት! አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ...

ወደ ኋላ!

ቋ! አልጋው።

ተሳስቼ ነው ብዬ ሁለተኛ አስገባሁ። በባሰ ፍጥነት ወደ ኋላ። ራስጌው ሄደ። ሞተሩ ጠፋ፤ የአልጋው ጣውላ ጎማዎቹ መሐል ተሰንቅሮ ቀረ።

"የተሰበረው አልጋዬ ነው?" የሚል ድምፅ ከመስኮት።

"አዎ እማማ!"

"እሰይ! ... ማለቴ፣ እኔን!"

"ነግሬያለሁ" አለ አቶ አይሆንም።

ሊቀመንበሩ ጎታቹን ጠራ። እማማ ከላይ "አንተ ልጅ! አልጋ በሌለበት መሬት ላይ ልታስተኛኝ ነው? አናጢው ሌላ እስኪሠራ የት አባቴ ልግባ?" አሉ። ሊቀመንበሩ ፍርስራሹን አየ፣ እኔን አየ፣ መስኮቱን አየ። "አናጢው እስኪጨርስ" አለ። "ከዚያ አንድ ቀን አትጨምርም።"

ጎታቹ ባዶውን ሄደ። ሰባሪ ሆኜ ጊዜ አተረፍኩ። የማንም ስብሰባ እንዲህ ተሳክቶለት አያውቅም።

ሰኔ 1

ጣውላውን አንስቼ ሞከርኳት። አራቱም የፊት ማርሾች ወደ ኋላ ይነዳሉ። የኋላው ማርሽ ብቻ ወደ ፊት። ብዙ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ እንደሚሠሩ አውቃለሁ፤ ግን መኪና?

በዚያች አንድ ማርሽ እየተጎተትኩ ከበሩ ልውጣና ልገላገል? ለሊቀመንበሩ ውሳኔ ይበቃል። ግን እማማ መሄድ ነው የናፈቀኝ ያሉት። መንፏቀቅማ ደረጃው ላይ ይበቃቸዋል።

ምን አጠፋሁ? ምን?

ሰኔ 3

አገኘሁት!!

ከሰዓት፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ የላይኛው መንጋጋ የመጨረሻ ጥርስ። መስታወቱን አስገባሁ። በመስታወቱ ጥርሱ በቀኝ ይታያል፤ እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ግራ ሄደ። ልማድ ነው፣ እጄ መስታወት እንደሚያገላብጥ ያውቃል። ስዕሉን ስስል ግን...

"ገለበጥኩት!" ብዬ ጮህኩ።

ሰውዬው ወንበሩ ላይ ዘለለ። "ምኔን?!"

"የእርስዎን አይደለም! የእሷን!"

"የማንን?!"

በመስታወት ያየሁትን እንዳየሁት ሳልኩት! ቀለበቱ መቀመጫው በግራ ነበር። ቦታውን ሲስት ጎማዎቹ ሁሉ ተገላብጠው ይዞራሉ። በዚህች አገጣጠም ከጥርስ ሐኪም በቀር የሚሳሳት ሰው ያለ አይመስለኝም። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ሰኔ 8

ካምቢዮውን እንደገና አውርጄ ቀለበቱን ወደ ግራ መለስኩት። እማማ መብራት ያዙልኝ። አዲሱ አልጋ ነገ ይደርሳል ተብሏል። ጎታቹም።

ሰኔ 9

ወደ ፊት! ወደ ፊት! ወደ ፊት!

ጎታቹን አልፈን ወጣን። እማማ በአጠገቤ፣ ሻርፓቸውን አስረው። ሊቀመንበሩ "እናቴ?! በምን ወረደች?" ሲል ከኋላ ሰማሁት። ማን ይመልስለታል! አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ... ቤቶቹ በጎናችን አለፉ። እማማ ድሮ ይሰፉበት የነበረውን ሱቅ አዩ፤ አሁን ስልክ ይጠገንበታል። "በሩን ቀለም እንኳ አልቀቡት" አሉና ሳቁ። "አራተኛ የላትም?" አላት!

ችግሩ መመለሱ ላይ መጣ። ወንበሯ ከመሬት አንድ ስንዝር ነው። እማማ መግባቱን ገቡ፤ መውጣቱ እንቢ አለ። ሊቀመንበሩ ብብታቸውን፣ እኔ ወገባቸውን፣ የጎታቹ ሾፌር እግራቸውን ይዘን... ጉልበታቸው ሲታጠፍ የወጣቸውን ድምፅ አልረሳውም። ቀልድ አላወሩም። አዲሱ አልጋቸው ላይ ስናስቀምጣቸው ቀስ ብለው "ይበቃኛል። ሁለተኛ አልገባባትም" አሉ።

ክፍሉን አገኙ። ወይዘሪት ግቢውን አገኘች። ሁሉም እንደ ውሳኔው። ታዲያ ለምንድነው በዚህ ሌሊት ግቢ ወጥቼ የእማማን ባዶ ወንበር የማየው?

ሰኔ 13

ክሊኒኩ ዕቃ ቤት ውስጥ የተጣለ አሮጌ የታካሚ ወንበር አለ። በእግር ሲረገጥ ከፍ፣ ሲለቀቅ ዝቅ የሚል...

ሰኔ 15

አቶ አይሆንም መጋዙን እጄ ላይ ሲያይ ልቡ ሊቆም። "ዶክተር! የፋብሪካ ወለሏን ልትቆርጪ? ኦሪጅናሏን?! አይሆንም! አይሆንም!" ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቃለ መሐላዬ ትዝ አለኝ። ተወኝ አልኩት። ቆረጥኩ፤ የክሊኒኩ ወንበር እግር የሚገባበትን ያህል።

ሰኔ 24

ዛሬ እማማን ለምነን አስገባናቸው። ዞረን ዞረን ተመለስን። በሩን ከፈትኩ፣ ፔዳሉን ረገጥኩ። አንዴ፣ ሁለቴ... ወንበሩ ከነእማማ ቀስ እያለ ወጣ፣ ወደ ውጭ ዞረ፣ እግራቸው መሬት ነካ። ተነሱ። ማንም ሳይነካቸው።

ዞር ብለው ወንበሩን አዩት። "አፍሽን ክፈቺ እንዳትዪኝ ብቻ።"

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ትልቁ የምድር ቤት በር ጠዋት ጠዋት ይከፈታል፤ እማማ አልጋቸው ላይ ሆነው መንገደኛውን ሁሉ ያስቆማሉ። ለነገም ሱቅ፣ ለሰኞም አንዲት የድሮ ደንበኛቸው ዘንድ ቀጠሮ ይዘዋል። ሾፌሯ እኔ። አልተጠየቅሁም፣ ተነገረኝ።

ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆሞ ሁለቱን ወንበሮች ቆጠረ። ቆጠራው አልተሳሳተም።

"እሺ፣ እኔስ መቼ ነው የምሳፈረው?"

"ጉልበትህን ሲያምህ" አሉት እናቱ።