መያዣችንን አጥብቀው ለያዙልን የሕንጻ ኃላፊ

ለተከበሩ የሕንጻችን አስተዳደር ኃላፊ፦

ይቅርታ ያድርጉልኝና «ሕንጻችን» ያልኩት ከልማድ ነው፤ ለቀን ከወጣን አርባ ቀን ሆኖናል።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብዎስ ደኅና ነው? የቢሮዎ ወንበርስ? እርስዎን ፍለጋ ሰባት ጊዜ ተመላልሼ አንድ ቀን እርስዎን፣ ስድስት ቀን ወንበርዎን ስላገኘሁ፣ ከሁለታችሁ ይበልጥ የተዋወቅሁት እሱን ነው። ለሁለታችሁም ጤና፣ በተለይ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ በአራተኛው ፎቅ ከደረጃው በስተግራ ባለው ቤት ዘጠኝ ዓመት የኖርኩት ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሦስተኛዋ የቤታችን ሰው የእሱ እናት፣ እኛም ጎረቤቱም «እማማ» የምንላቸው አማቴ ናቸው። እማማ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ አምስት ወር ሙሉ ደረጃውን አልወረዱም ነበር። ሰፈሩን የሚያዩት ከበረንዳ ላይ ቁልቁል ስለነበር፣ «ሰዉን ሁሉ በመላጣው ለይቼዋለሁ፤ ፊቱን ግን ረስቼዋለሁ» እያሉ ያስቁን ነበር። እኛን ሲያስቁ ደኅና ነበሩ። ብቻቸውን ሲሆኑ ግን በረንዳው ላይ ዝም ብለው እንደሚቀመጡ፣ ክር ልገዛ ወርጄ ስመለስ ከታች ሆኜ ብዙ ቀን አይቻለሁ። ምድር ቤት ፍለጋ የተነሣነው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ፣ በእርስዎ አስተዳደር ተከፍተን እንዳይመስልዎ።

ደብዳቤዬን በግልጽ ማውጣቴም ለክፋት አይደለም። በፖስታ አሽጌ የላክሁልዎት አራቱም ስላልደረሱዎት፣ ይኼኛውን ሌላ ሰው አንብቦ ይነግርዎ ይሆናል በሚል ተስፋ ነው። ቅሬታዎቼን፣ ማለቴ ምስጋናዎቼን፣ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማስታወቂያው። ውላችን «ተከራይ ቤቱን ከመልቀቁ ከሠላሳ ቀን በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል» ይላል። እኔም በወሩ የመጀመሪያ ቀን ጽፌ ለጸሐፊዎ በእጇ ሰጠኋት። ትሑት ልጅ ናት፤ «ችግር የለም እትዬ፣ አደርስልዎታለሁ» ብላ ከአንድ የወረቀት ክምር ላይ አኖረችልኝ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ቅጂው ላይ አስፈረምሻት?» አለኝ። «እንዴት ብዬ! አላምንሽም እንደ ማለት እኮ ነው» አልኩት። እሱ ግን በሃያ ዓመት የሹፌርነት ዘመኑ «ቲኬቴን አሁን ይዤው ነበር» የሚል ብዙ ሰው ስላየ፣ በማግስቱ ወደ ሥራ ሲሄድ ቅጂውን ይዞ የቢሮዎ መዝገብ ቤት ጎራ ብሎ ቁጥር አሰጥቶ፣ ማኅተም አስመትቶ መጣ። እኔም «አንተስ ጥርጣሬህ አይጣል ነው» ብዬ ሳቅሁበት። ያን ሳቄን በይፋ መልሻለሁ።

ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ከቢሮዎ ተደወለልንና ማስታወቂያ ስላልሰጣችሁ የአንድ ወር ኪራይ ጨምራችሁ ትከፍላላችሁ ተባልን። ባለቤቴ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይዞ ሲቀርብ ግን ቢሮዎ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አዲስ ሐሳብ ማመንጨት የሚችል መሆኑን አስመሰከረ። ማኅተሙ የተመታው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ስለዚህ ማስታወቂያው የሃያ ዘጠኝ ቀን ሆነ፤ አንድ ቀን ጎደለው፤ ለጎደለው አንድ ቀን ደግሞ የአንድ ወር ኪራይ ይከፈላል። «እንግዲያው የአንዷን ቀን ልክፈል» ብዬ ለመንኩ። «እኛ በቀን አናከራይም» ተባልኩ። እንደ ቀድሞ ነዋሪ ኮራሁ፤ በቀን የሚያከራዩ ቤቶች ምን ዓይነት ስም እንዳላቸው አውቃለሁና።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍተሻው። ቤታችንን እንዲያዩ የላኩልን ተቆጣጣሪ፣ ሜትራቸው ከወገባቸው ስለማይለይ ተከራዩ ሁሉ «ሜትሩ» የሚላቸው ሰው ናቸው። እኔም ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የምውል ሰው ነኝና እንደ ሙያ ባልደረባ ነበር የተቀበልኳቸው። ፀሐይ በመስኮቱ ሞልቶ እየገባ በባትሪ ግድግዳውን ዳበሱት። ባለቤቴ በጄሶ የደፈናቸውን የሚስማር ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ቆጥረው አሥራ ሰባት አሉ። የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍተው ዘጉት፤ አልገጠመም። ገና ስንገባም አይገጥምም ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቁራጭ ጨርቅ እየወተፍን ነው የዘጋነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠቡን ጻፉ። ስለዚያ ቧንቧ ለቢሮዎ አራት ጊዜ በጽሑፍ ማመልከቴን ስነግራቸው «ማመልከቻው ሌላ ክፍል ነው የሚታየው» አሉኝ። ስለ ግድግዳው ቀለም ደግሞ «ደክሟል» ብለው ጻፉ። እማማ ከአልጋቸው ላይ ሆነው «እኔንም ጻፈኝ» አሏቸው።

በመጨረሻ ሊወጡ ሲሉ ኅሊናዬ አላስችል አለኝና፣ የመኝታ ቤቱን ምንጣፍ ገልጬ የወለሉን ፕላስቲክ ካውያዬ ያቃጠለበትን ቦታ አሳየኋቸው። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ስልክ እያነጋገርኩ ነው ያቃጠልኩት። ሜትሩ አፍጥጠው አዩኝና «በሥራ ዘመኔ ጥፋታቸውን ራሳቸው ያሳዩኝ የመጀመሪያዋ ተከራይ እርስዎ ነዎት» አሉ። ልቤ ሞቅ አለ። በኋላ ዝርዝሩ ሲደርሰን ያች ቃጠሎ ሁለት ቦታ ተጽፋ አገኘኋት፤ አንዱ ለጥፋቱ፣ ሌላው ለሐቀኝነቱ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ ስለ ሒሳቡ። ስንገባ ለመያዣ የሦስት ወር ኪራይ አስይዘን ነበር። አዲሱን ቤት የምንይዘው በእሱ ነው ብለን ነበር የተማመንነው። የአዲሱ ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ከኪራዩ ሌላ ያን ያህል ገቢ ስለሌላቸው ግማሹን መያዣ በዚያው ሳምንት፣ ቀሪውን ሲመቸን እንድንሰጣቸው ተስማምተን ነበር። የእኛ መያዣ እንደማይለቀቅ ሲገባኝ፣ ኦቨርሎክ የምንለውን፣ የልብስ ጠርዝ የሚዘመዝመውን መኪናዬን ሸጥኩ። የገዛችው ወጣት ልብስ ሰፊ ናት። መኪናው ወፍራም ጨርቅ ላይ ሲንገራገጭ በቀኝ በኩል መታ መታ ማድረግ እንደሚያስፈልግ አሳይቻት፣ ይዟት ከመጣው የታክሲ ሹፌር ጋር ጭነንላት ላክናት። ስለዚህ ነገር ልቀልድ ብዬ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ሰርዣቸዋለሁ።

ዕቃችንን ባወጣንበት ዕለት ጠዋት ቁልፉን ላስረክብ ስወርድ ዝርዝሩ ተሰጠኝ። ሙሉ ቀለም፣ በር፣ ቧንቧ፣ አሥራ ሰባት ቀዳዳ፣ ቃጠሎ፣ አሁንም ቃጠሎ፣ ጽዳት፣ የጎደለችው የአንድ ቀን አንድ ወር። ይህ ሁሉ ተቀናንሶ መያዣችን ማለቁ ሳያንስ፣ ከታች «ቀሪ ዕዳ፦ የአራት ቀን ኪራይ» ይላል። በቀን ባታከራዩም በቀን ማስከፈል እንደምትችሉ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ቢሮዎ መጥቼ እርስዎን ያገኘሁበት አንድ ቀንም ይኸው ነበር። እንደሚያስታውሱት፣ ባለቤቴና የሁለተኛው ፎቅ አናጢ እማማን በወንበር ተሸክመው በየእርከኑ እያረፉ አወረዷቸው። ቢሮዎ ደጃፍ ላይ ስንደርስ እማማ «አውርዱኝ» አሉ። ወረቀቱን አንብቢልኝ አሉኝና አነበብኩላቸው። ሲያዳምጡ ቆዩና ወደ እርስዎ ዞረው፦

«ልጄ፣ ግድግዳው ላይ ጥላችን ቀርቶ ከሆነ ለእሱም ቁረጥበት» አሉ።

እርስዎም «እማማ፣ እኔ መመሪያው የሚለውን ነው የማደርገው» አሉ።

«መመሪያው ይህን ደረጃ ወጥቶት ያውቃል?»

ወንበሩ እንደገና ሲነሣ፣ እርስዎ ከጠረጴዛዎ ተነሥተው መጥተው የውጭውን በር ሁላችንም እስክናልፍ ድረስ በእጅዎ ይዘው ቆሙ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ቀልድ የሌለበት ምስጋና ቢኖር ለዚያ ነው። ያን በር የያዘ ሰው መያዣችንን ለምን እንደዚያ አጥብቆ እንደያዘው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አራተኛ፣ ስለ ክርክራችን። የአከራይና ተከራይ አለመግባባት ወደሚሰማው ጽሕፈት ቤት ስንሄድ ነገሩ ወር የሚፈጅ መስሎኝ ነበር፤ የፈጀው አንድ ጠዋት ነው። ጉዳዩን የሰሙት ሴት ባለሙያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚያነቡ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። «ቤቱን ስትረከቡ የተፈራረማችሁት ወረቀት አለ?» ሲሉ እርስዎ የለም አሉ። እኔ ግን ነበረኝ። ከልብስ ሞዴሎቼ መካከል ነው ያገኘሁት፤ ምክንያቱም ከስምንት ዓመት በፊት ወረቀት ቸግሮኝ በጀርባው የአንዲት ሙሽራ እጅጌ ልኬት ጽፌበት ነበር። በፊት ለፊቱ በቢሮዎ ማኅተም «የመታጠቢያ ቤት በር አይገጥምም፣ ቀለም አሮጌ ነው» ይላል። እርስዎ ሰነዱ ተበላሽቷልና ተቀባይነት የለውም ብለው ሲቃወሙ፣ ባለሙያዋ ወረቀቱን ገልብጠው አዩና «እጅጌው ጠበብ ብሏል እንጂ ሰነዱ ደኅና ነው» አሉ። ጠበብ ብሎ ነበር፤ ሙሽራዋም ተቆጥታኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነጥብ በነጥብ ተመለከቱት። ቧንቧውን በጊዜው አመልክተናልና የአከራይ ነው። ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል። ስለ ቀለሙ «ዘጠኝ ዓመት ሰው የኖረበት ግድግዳ፣ ሰው የኖረበት ይመስላል፤ ይህ ጉዳት አይባልም» አሉ። ማስታወቂያው የዘገየው አንድ ቀን ከሆነ የሚከፈለው አንድ ቀን ነው። ቃጠሎው የእኔ ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ ይቆረጣል። እኔም ይገባል ብዬ ፈረምኩ። ቀሪው መያዣ በአሥር ቀን ውስጥ ይመለስ ተባለ፤ እርስዎም አሥረኛው ቀን የሥራ ሰዓት ሊያበቃ ሲቃረብ ከፈሉ። ከዚያ በፊት ባሉት ዘጠኝ ቀናት ገንዘቡ ከእርስዎ መለየት እንዳቃተው እረዳለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት አብሮ መኖር ቀላል አይደለም።

አምስተኛ ነገርም ነበረኝ፤ ስለ ደረጃው አምፖል ነው። ግን አሁን ለሚኖሩበት ልተወው።

እኛ ደኅና ነን። መምህሩ የቤቱን ግማሽ መያዣ እንደተቀበሉ፣ «እማማ መጀመሪያ ይግቡና ይረፉ፤ ወረቀቱን ሻይ እየጠጣን እንጽፈዋለን» አሉን። ከዚያም የተሰነጠቀችውን የመስኮት መስታወት ሳትቀር እያንዳንዱን ክፍል አብረን አይተን፣ በሁለት ቅጂ ጽፈን ተፈራረምን። ገንዘቡ ሲመለስ ቀሪውን ሰጠናቸው። ኦቨርሎኩን መልሼ ልግዛው ብዬ ልጅቷ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ እሱን ተማምና አንዲት ረዳት ቀጥራ አገኘኋትና ሰላም ብያት ተመለስኩ። ለጊዜው ጠርዙን በእጄ እዘመዝማለሁ፤ ወገቤ ትንሽ ይጮኻል። እማማ ግን ጠዋት ጠዋት ወንበራቸውን አስይዘው ደጅ ይወጣሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረቤት ቆሞ ሰላም ሲላቸው፣ እጁን ሳይለቁ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ሰውየው ግራ ገብቶት «እንተዋወቃለን እንዴ?» አላቸው። «ገና ነው» አሉት፤ «ግን ተቀመጥ።»

በቁጥር ማነስም ሆነ በማኅተም መዘግየት የማይቀንስ አክብሮቴን፣ ለእርስዎ፣ ለትሑቷ ጸሐፊዎ፣ ለሜትሩና ለመመሪያው በያላችሁበት እንዲደርሳችሁ እያቀረብኩ፣ አሥራ ሰባት ጊዜ እጅ በመንሳት እሰናበታለሁ።

የቀድሞዋ የአራተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ትናንት ከቢሮዎ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። መያዣችን እንዲላክልን አዲሱን አድራሻችንን ሦስት ጊዜ ሰጥተን፣ ሒሳብ ክፍልዎ «አድራሻው አልተገኘም» ስላለ ባለቤቴ ራሱ ሄዶ ነበር የተቀበለው። የትናንቱ ደብዳቤ ግን የአዲሱን ቤት በር ቁጥር ሳይስት መጥቷል። በእርስዎ ፊርማ የወጣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ የአራተኛውን ፎቅ ቤት በሰባት ቀን ውስጥ ለቀን እንድንወጣ ያዛል። ትእዛዝዎን ተቀብያለሁ፤ ቤቱንም ከአርባ ቀን በፊት በአስቸኳይ የለቀቅን መሆኑን በትሕትና አሳውቃለሁ።