ሦስት ጊዜ የፋቅሁት ፊት

ይድረስ ለአባቴ ለኤጀርተን፤
ማንደቪል፣ ጃማይካ።

አባዬ፣ እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ዳገቱን እያነከስክ ነው የምትወጣው? ሚስ ዴልሪታስ፣ ልጃችሁ ሻንዴልስ እንዴት ናቸው? ዝናቡ የያም ተክል ማሳህን ጠርጎ እንደወሰደው ሰምቼ አዝኛለሁ። እኔ በጤናዬ ምንም አልል። እንቅልፍ ግን እምቢ ብሎኛል፤ እግሬም አንድ ቦታ አልረጋ ብሎ ከመስኮት ወደ በር ስመላለስ እውላለሁ። ስልክ ብደውልልህ እንደ ልማዳችን ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ አውርተን እንዘጋዋለን ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እዚህ ሉዊሻም ያለ አንድ ጋለሪ የኛን የጥቁሮቹን ፊት የያዙ አሥራ ሦስት ሥዕሎቼን ሊሰቅልልኝ ነው። ሁሉንም በፈለጉት ልብስና በፈለጉት አቀማመጥ ነው የሳልኳቸው፤ ሌላው ሲስለን ወይ ሎሌ ወይ ምስኪን ሲያደርገን ኖሯልና የኔ ደንብ ይህ ነው። እህትህ አክስቴ አይሲልዳ ያችን ሐምራዊ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን ደፍታ እንደ ንግሥት ተቀመጠችልኝ። ሥዕሉን ሳሳያት ግን ባርኔጣውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም፤ ዓይኗ ጉልበቷ ላይ አረፈ። "ይሄ ደግሞ የማን ጉልበት ነው? እኔ ከቤቴ ቫዝሊን ተቀብቼ ነው የወጣሁት! ምነው ልጄ፣ አመድ ላይ የተንከባለለች አህያ አስመሰልሽኝ?" አለችኝ።

ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን አፈርኩ። ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ ቆዳን በነጭ ቀለም ማፍካት ነው፤ የኛ ቆዳ ላይ ነጩ ሲገባ አመድ ይሆናል። ነጩን ትቼ ከሥር ሰማያዊና ቀይ፣ ከላይ ቢጫ ስደርብበት ጉልበቱ ወዛ። በሳምንቱ መጥታ አየችውና "ተመስገን፣ አሁን ገና ተቀባሁ" አለች።

አሥራ ሁለቱ እንዲህ አለቁ። አሥራ ሦስተኛው የራሴ ፊት ነው፤ ያሳበደኝም እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ተቀምጬ ራሴን ስስል የሚወጣው ያንተ ፊት ነው። ግራ ቅንድቡ ሽቅብ ይሰቀላል፤ ከንፈሩም ይቅርታ ላለመጠየቅ የተገጠመ ይመስላል። በቢላ ፋቅሁት። ወደ ጎን ዞሬ ሞከርኩ፤ ከጎንም አንተ ነህ። ፋቅሁት። ጥቁር መነጽር አደረግሁ፤ አሁንማ ጭራሽ አውሮፕላን ማረፊያ የተሰናበትከን ዕለት የነበርከውን መሰልክ። እሱንም ፋቅሁት።

አባዬ፣ በሆዴ ያለውን ልንገርህ፤ ተቀይሜሃለሁ። "ቤቱን ሠርቼ እመለሳለሁ" ብለህ ወደ ማንደቪል ስትሄድ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ አሁን ሠላሳ አራት ሞላኝ። ስመረቅ ጠራሁህ፤ ፍየሎቹን ለማን ልተዋቸው አልክ። የመጀመሪያ ሥዕሎቼን ስሰቅል ጠራሁህ፤ አሁንም ፍየሎቹ። በዚህ በጋ ለዚህኛው ጠራሁህ፤ መልስ እንኳ ነፈግኸኝ። ለመሆኑ በሃያ ዓመት ውስጥ ማንደቪል ላይ አንድ ፍየል ጠባቂ ጠፋ? ስጠራው የማይመጣ ሰው ሳልጠራው ፊቴ ላይ ምን ይሠራል እያልኩ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት።

ትናንት አክስቴ የተጠበሰ ዓሣ ይዛልኝ መጣች። አራተኛው ሙከራዬ ቀለሙ ሳይደርቅ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ፊቱ ቆመችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ "ኤጀርተን! እንኳን ለልጅህ ድግስ አበቃህ! መንገዱ እንዴት ነበር?" አለችው። ዕንባዬ መጣ፤ ቢላዬንም አነሳሁ። ከእጄ መነጨቀችኝ። "አልቅሺ፣ ማን ከለከለሽ! ይሄን ግን አትነኪውም። ቅንድቡም የወንድሜ ነው፣ አፉም የሱ ነው፤ ምን ታደርጊዋለሽ፣ ልጁ ነሽ። እንዲህ አፍጦ ሰው ማየት ግን የሱ አይደለም። እሱ ሲጨንቀው ጫማውን ነው የሚያየው፤ አብሬው ያደግሁት እኔ ልንገርሽ" አለችኝ።

ከሄደች በኋላ ቀርቤ አየሁት። እውነቷን ነው፤ ዓይኖቹ የኔ ናቸው። ከቅንድቡ ጋር ስጣላ ልብ አላልኳቸውም ነበር።

ዓርብ የጋለሪው ሰዎች መጥተው ይወስዱታል፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ተሰቅሎ ይሆናል። ከሥሩ የሚጻፈው የኔ ስም ብቻ ነው። ያንተን አልጨምርም፤ ሦስቴ ጠርቼህ ቀርተሃል። ፊትህ ግን አልቀረም፤ ከእንግዳው ሁሉ ቀድሞ መጥቷል፤ እኔም ከእንግዲህ አላባርረውም። እስከ አዲስ ዓመት ድረስ እዚያው ይሰነብታል። መምጣት ካሰኘህ በሩ ክፍት ነው፤ አራተኛ ጊዜ ግን አልለምንህም።

ለሚስ ዴልሪታ በአክብሮት ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የላከችልኝ የዝንጅብል ኬክ ሳይፈረፈር ደርሶኛል። አጎቴ ክላይቭን ሳምልኝ። አክስቴ አይሲልዳም ሁላችሁንም በየስማችሁ ሰላም ብላለች፤ ላንተ የምትለውን ግን ራሷ ታውቃለች። በዓይኔ ላላየኋት እህቴ ለሻንዴል ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ ያያት ሁሉ አንቺኑ ነው የምትመስለው ይለኛል። ፎቶዋን አልፈልግም። መስታወት ፊት ተቀምጣ ራሷን በእጇ ስላ ትላክልኝ፤ ባያምርም ግድ የለም። የሚወጣው ፊት ያንተ እየሆነ ቢያስቸግራት፣ አትፍቂው በላት።

ልጅህ ኮሌት
ሉዊሻም፣ ለንደን
ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2024